ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ፦ የትኛው ዘይት ይሻላታል? በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ባለ ቪትዟ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቅርቡ የ2003 ቪትዝ ገዝቻለሁ። 1.3 ናት፣ ኦቶማቲክ። ጌጇ 148 ሺህ ይላል፤ እውነቱን ደላላውና ፈጣሪ ያውቃሉ። የቀድሞ ባለቤቷን ምን ዘይት ትጠቀም ነበር ስለው «ጥሩውን» ብሎኝ አረፈ። መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀትም ኮፈኑ ስር የለም።

ዘይት ላስቀይር ብዬ ሁለት ጋራዥ ጠየቅኩ። አንዱ «አሮጌ ሞተር የሚወደው ወፍራም ዘይት ነው፣ 20/50 አድርጊባት» አለኝ። ሌላው «ቪትዝ ላይ 20/50? ኧረ በፍጹም! ጠዋት አትነሳልሽም፣ 5/30 ብቻ» አለ። ሁለቱም ሲናገሩ ቅንጣት ጥርጣሬ የለባቸውም።

የምነዳት እዚሁ ደብረ ብርሃን ከሰፈሬ ከጠባሴ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። አጭር አጭር መንገድ። አልፎ አልፎ አዲስ አበባ፣ ለበዓል ደግሞ ቤተሰብ ጋ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀጭቀጭ ትልና ዝም ትላለች። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። የዘይት ዋጋ ጣሪያ ነክቷል፣ እየገዛሁ የምሞክርበት አቅም የለኝም።

የሮቢቱ ሹፌር (ሸዋ ሮቢት)፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ምንም አትወዛገቢ። 20/50 አድርጊ፣ በ3,000 ቀይሪ፣ አለቀ። እኔ አባዱላ ነው የምነዳው። እዚህ ቆላው ላይ ቀጭን ዘይት ውሃ ነው የሚሆነው። ሞተርሽ ከነከሰ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ቀጭን ዘይት የሚመክርሽ ሰውዬ መጥቶ አያወርድልሽም።

ጥቁር እጅ (ደብረ ብርሃን)፦

የሮቢቱ፣ ወንድሜ፣ የአንተና የእሷ መኪና ለየቅል ናቸው። አንተ ናፍጣ ነህ። ሞተርህ ጠዋት ከሞቀ እስከ ማታ አይቀዘቅዝም። የእሷ ደግሞ ቀዝቃዛ ትነሳለች፣ ሳትሞቅ ትጠፋለች። ለአንተ የሚሠራው ሁሉ ለእሷ አይሠራም።

እህቴ፣ ጣሳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሁለት ነገር ነው የሚናገሩት። የፊተኛው፣ ደብሊው ያለበት፣ ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ያሳያል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ይበልጥ ይፈሳል። የኋለኛው ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረው ውፍረት ነው። ስለዚህ 5/30 እና 10/30 ከሞቁ በኋላ እኩያ ናቸው። ልዩነታቸው ጠዋት ላይ ነው።

እኛ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ለአንቺ አልነግርሽም። በእርግጥ 20/50 እዚህ አይረጋም። 20 የተባለው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ተፈትኖ ነው፣ እኛ ደግሞ እዚያ አንደርስም። ስለዚህ «በ20/50 ጠዋት አትነሳም» ያለሽ አጋኗል። ችግሩ ያለው ዘይቱ ከታች ተነስቶ የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ እስኪደርስ በሚያልፈው ጊዜ ነው። ሞተር በብዛት የሚበላው በዚያች ጊዜ ነው።

ያላመነ ይሞክረው። ከሁለቱም ዘይት ትንሽ ትንሽ በውሃ ጠርሙስ ያድርግና በኅዳር ሌሊት ደጅ ያሳድር። ጠዋት ሁለቱንም እኩል ይገልብጥ። 5/30 ወዲያው ወደ ክዳኑ ይወርዳል። 20/50 የጠርሙሱን ግድግዳ ይዞ እየተንፏቀቀ ይመጣል።

ሞተርሽ 2ኤንዜድ የሚባለው ይመስለኛል። ቪቪቲ-አይ አለው። ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፣ መንገዱ ላይም ደቃቅ ወንፊት አለ። ሰንሰለቱን የሚወጥረውም ዘይት ነው። ይህ ሞተር የተሠራው ቶሎ ለሚደርስ ዘይት ነው። የቶዮታ መመሪያም 5/30ን ያስቀድማል። ሞቃት አገር ላይ ግን እስከ 20/50 ድረስ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሁለቱም ጋራዦች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የእኔ ምክር 5/30 ወይም 10/30 ነው። ዘይት መብላቷን ካረጋገጥሽ 10/40። ከዚያ በላይ አትሂጂ።

ከውፍረቱ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው የጣሳውን ጀርባ ነው። ኤፒአይ የሚል የደረጃ ምልክት አለ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ እየገፋ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤል በፈረንጅ 2001 የወጣ ነው፣ ኤስኤን 2010፣ ኤስፒ 2020። ለአንቺ ከኤስኤል ጀምሮ ያለው ሁሉ ይሆናል። አንዳንድ ርካሽ 20/50 ላይ ግን ኤስኤፍ ተጽፎ ታገኛለሽ። እሱ በፈረንጅ 1980ዎቹ ለተሠራ መኪና የወጣ ደረጃ ነው። ዋጋው ቢያጓጓሽም አትንኪው።

ያ የጠዋት ቀጭቀጭታ ምናልባት የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው። ጥሩ ፊልትሮ ውስጡ ጎሚኒ አለው። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዘዋል። ርካሹ ላይ ጎሚኒው ቶሎ ይደርቃል፣ ሌሊቱን ዘይቱ ይወርዳል፣ ጠዋት ሞተሩ ባዶውን ይነሳል። ዘይት በቀየርሽ ቁጥር ፊልትሮውንም ቀይሪ። «ፊልትሮው ገና ነው፣ ንጹሕ ነው» የሚልሽን አትስሚ። ውስጡን ማንም አላየውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ይህ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው። የምትገዢው ጣሳ 4 ሊትር ነው። የጋራዥ ልጆች «ከፍለሽበታል» ብለው ሙሉውን ይገለብጡታል። ዘይት ሲበዛ ይመታና አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ቆመሽ እዪ፣ የተረፈችውን ይዘሽ ሂጂ። ለማሟያ ትሆንሻለች።

የሸኖው ያሪስ፦

ጥቁር እጅ ደግሞ ክፍል ገባ ሃሃሃ። ግን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጃፓኖቹ በ15,000 ነው የሚቀይሩት ይባላል። ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ) ዘይት ከሆነ 10,000 ይሄዳል የሚል ጣሳ ላይም አይቻለሁ። እኛ አገር በ5,000 አስቀይሩ የሚባለው ጋራዥ እንዲበላ ነው?

ጥቁር እጅ፦

15,000 ውሸት አይደለም። ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ለቤንዚን መኪና 15,000 ወይም አንድ ዓመት ይላል። ግን ያው መጽሐፍ ቀጥሎ ምን ይላል? አጠቃቀሙ ከባድ ከሆነ 7,500 ወይም ስድስት ወር። ከባድ የሚለው ምንድን ነው? አጭር አጭር ጉዞ፣ የጠጠር መንገድ፣ አቧራ፣ ዳገትና ቁልቁለት። የሰሜን ሸዋ ሰው ከእነዚህ የትኛው ይጎድለዋል? ጠዋት ልጅ አድርሰህ፣ ቅዳሜ የገጠር ጠጠር ትገባለህ፣ ለፋሲካ የጣርማ በርን ቁልቁለት ትወርዳለህ።

በዚያ ላይ የእነሱ 15,000 ከዜሮ ጀምሮ ታሪኩ ለሚታወቅ ሞተር ነው። ጌጁ ሦስት እጅ ለዞረ ሞተር አይደለም። ለዚህ ነው 5,000 ወይም ስድስት ወር የምለው፣ ቀድሞ የመጣው። ስድስት ወሩን ሰው ይረሳዋል። ከጠባሴ ሳትወጪ ስድስት ወር ከነዳሽ 2,000 እንኳን ላይሞላ ይችላል። ዘይቱ ግን አርጅቷል። የሮቢቱን 3,000 ደግሞ ለማዕድን ዘይት፣ ሲንተቲክ ላልሆነው፣ በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ አልቃወመውም። ለቪትዝ ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ዲኤክስ 4ኬ (ደብረ ብርሃን)፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ መኪናዬም እንደኔው። 20/50 ስጨምርላት ነው የኖርኩት፣ እሷም አላማረረችም። ግን የእኔ አየርና ቤንዚን በካርቡሬተር የምትቀላቅል ናት። የዛሬዎቹን ሞተሮች ቀዳዳ አላውቀውም።

አንድ ነገር ግን ላካፍላችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ይዞ ደጋ የወጣ ሰው ቤንዚን ያበዛል። የተረፈው ቤንዚን በፒስተኑ ቀለበት፣ በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባና ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዝም ብላችሁ ቁመቱን ብቻ አትዩ፣ አሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ። ቀይሩት፣ ካርቡሬተሩንም አሳዩት።

ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ካለ ወዲህ፣ ያለንን ቤንዚን መኪና የምንተካበት መንገድ ጠቧል። ልጄ፣ ያንቺ ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ትፈለጋለች። ለዘይት አትሰስቺ።

ጥቁር እጅ፦

ጋሼ ልክ ነዎት፣ እድሜ ይስጥልን። እኔም ስለ ማሽተቱ ልጽፍ ብዬ ነበር፣ ቀደሙኝ።

ባለ ሱቁ (መለዋወጫ፣ ደብረ ብርሃን)፦

ሁላችሁም ስለ ቁጥር ትከራከራላችሁ። ጣሳው ውስጥ ያለው እውነተኛ ካልሆነ ቁጥሩ ምን ይሠራል? ሻጭ ነኝና እኔን ጠይቁኝ።

ፎርጅድ ዘይት በአብዛኛው የሚሞላው በእውነተኛ ባዶ ጣሳ ነው። ጣሳው ከየት ይመጣል? እናንተ ጋራዥ ጥላችሁት ከሄዳችሁት። ስለዚህ ዘይት ካስቀየራችሁ በኋላ ባዶውን በቢላ ወይም በካቻቢቴ ወጋ አድርጉት። አንዴ የተበሳ ጣሳ ተመልሶ አይሞላም።

ስትገዙ ክዳኑ ስር ያለችውን ቀለበት እዩ። ስትከፈት ነው መበጠስ ያለባት። ተበጥሳ ወይም በማጣበቂያ ተይዛ ካያችሁ መልሱ። የምርት ቁጥሩ ጣሳው ላይ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ መልሱ። ከሰፈሩ ሁሉ በጣም የረከሰ ከሆነማ ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም። ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠውን ደግሞ ቀድቶ የሚሰጣችሁን ሰው ካላወቃችሁት ተዉት። ጣሳውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክዳኑን ራሳችሁ ክፈቱ።

ስለ ብራንድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ደረጃውና ውፍረቱ አንድ ከሆነ ከማደያ ወይም ከሕጋዊ ወኪል የተገዛ የትኛውም የታወቀ ዘይት ያገለግላል። እኔ ራሴ ውዱን ብሸጥላችሁ ይሻለኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ባለ ቪትዟ፦

አቤት ስንት ነገር! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ 5/30 ኤስኤን ገዝቼ አስቀየርኩ፣ ፊልትሮውንም። የጋራዡ ልጅ አራቱንም ሊትር ሊገለብጥ ሲል ያዝኩት። «እመቤት፣ ማን ነገረሽ?» አለኝ። ጥቁር እጅ፣ ቀጭቀጭታው ጠፍቷል።

ግን አሁን ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ስከፍት ከውስጡ ነጣ ያለ፣ ወተት ከቡና ጋር የተመታ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ጎረቤቴ «የቴስታታው ጋስኬት፣ ጓርኒሲዮኑ ነው፣ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል፣ ቴስታታ ሊወርድ ነው» ብሎ አስደነገጠኝ። የቀድሞ ባለቤቷ ሲሸጥልኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው?

ጥቁር እጅ፦

ተረጋጊ። ሰውየውን ከመርገምሽ በፊት ሁለት ነገር እዪ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ደግሜ እላለሁ ቀዝቅዞ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ውሃው ላይ የዘይት ቆዳ አለ? ውሃው ይቀንሳል? ከዚያ የዘይት መለኪያውን አውጪ። እሱ ላይም ነጭ ነው ወይስ ክዳኑ ላይ ብቻ? ውሃው ካልቀነሰ፣ መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ላብ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን በፋሻው ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ውሃው ይተናል። አንቺ ግን ትምህርት ቤት አድርሰሽ ታጠፊያታለሽ። ክዳኑ ደግሞ ብርዱ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ነው፣ እንፋሎቱ እዚያ ይረጋል። በየሳምንቱ አንድ ቀን እስከ ጫጫ ከተማ ደርሰሽ ተመለሽ። ጉዞ ካስፈለገሽ ሰበብ አገኘሽ ማለት ነው። ዘይቱ ይሞቃል፣ ያም ነገር ይጠፋል።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቆማ እንድትሞቅ የምታደርጉም አላችሁ። እሱ አይጠቅምም። ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ቤንዚንም ያበዛል። አስነስተሽ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ ከዚያ ሳትረግጪ በቀስታ ንጂ። ዳገቱ ላይ እስክትሞቅ አትጩኺባት።

ባለ ቪትዟ፦

ውሃው ሙሉ ነው፣ ንጹሕ። መለኪያውም ላይ ንጹሕ ነው። ልቤ መለስ አለ። ስንት ጊዜ ነው ዘይቱን የማየው? እንዴት እንደሚታይም በትክክል ንገሩኝ፣ አንዳንዴ ሁለት ቦታ ያሳየኛል።

ጥቁር እጅ፦

በየሳምንቱ፣ ረጅም መንገድ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ። ሜዳ ላይ አቁሚ። ጠባሴ ቁልቁለቱ ላይ የታየ ዘይት ምስክር አይሆንም። አጥፍተሽ አምስት ወይም አስር ደቂቃ ጠብቂ፣ ዘይቱ ወደ ታችኛው ቋት፣ ወደ ኮፓው ይውረድ። መለኪያውን አውጪና በጨርቅ ጥረጊው። የመጀመሪያው ንባብ አይቆጠርም። ዳር ዳሩ ሁሉ ዘይት ነክቶት ይወጣል፣ ሁለት ቦታ የሚያሳይሽ እሱ ነው። መልሰሽ እስከ መጨረሻው ክተቺ፣ አውጪ፣ አሁን አንብቢ። በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ከሆነ ደህና ነው። በብዙ ትንንሽ መኪኖች በሁለቱ መካከል ያለው ወደ አንድ ሊትር ገደማ ነው።

ጽፈሽ ያዢ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ጎደለ? የቶዮታ መመሪያ እስከ አንድ ሊትር ድረስ ይታገሣል። እኔ ግን ግማሽ ከጎደለ መንስኤውን መፈለግ እጀምራለሁ። ብዙ ያገለገለ መኪና ሞተሩ የሚሞተው ዘይቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ጎድሎ ማንም ስላላየው ነው። የዘይት መብራት ሲበራ ግፊቱ ቀድሞ ወርዷል፣ ያኔ ዘግይተሻል።

የሮቢቱ ሹፌር፦

እዚህ ላይ ጥቁር እጅ ልክ ነው። እኔም ልጨምርበት፣ ይህን የተማርኩት ከመንገዱ ነው።

ዘይት የምትበላ መኪና በየት በኩል እንደምትበላ ጣርማ በር ይነግርሻል። ከዋሻው ወጥተሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ እግርሽን ከነዳጁ አንሺና በማርሽ ያዣት። ኦቶማቲክ ስለሆነች ወደ ታችኛው ማርሽ መልሻት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድማ ሞት ነው። ታች ደርሰሽ መልሰሽ ነዳጅ ስትረግጪ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ጉም ካለና ወዲያው ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ወደ ውስጥ ይስባል፣ በላላው ጎሚኒ በኩል ዘይት ይገባል፣ ስትረግጪ ይቃጠላል። ስትመለሽ ዳገቱን ሙሉ ሰማያዊ እያጨሰች ከወጣች ግን ፋሻ ነው። ጎሚኒ ቀላል ወጪ ነው። ፋሻ ሞተር ያስወርዳል። አሽከርካሪው ጭሱን አያየውም፣ ከኋላሽ የሚመጣ ሰው ያይልሽ።

20/50 ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ለእኔ መኪና።

ጥቁር እጅ፦

ለአንተ መኪና ማን ቀየረህ አያ። ግን ናፍጣ ነህና 15/40 ሲአይ-4 አንዴ ሞክርበት፣ ጠዋት ደብረ ብርሃን ካደርክ ልዩነቱን ትሰማዋለህ። ደግሞ ሌሎች እንዳይሳሳቱ ልበል፣ ወፍራም ዘይት የሚያጨስ ሞተርን ትንሽ ዝም ያሰኘዋል እንጂ ፋሻ አያድስም። ብዙ ሻጭ መኪናውን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ወፍራም የሚጨምረው ለዚሁ ነው። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ዘይቱ እንደ ሙጫ ከጣት አልላቀቅ ካለ ምን እየተደበቀ እንደሆነ ጠይቁ።

የመሐል ሜዳ ሃይሉክስ፦

የኔ ናፍጣ ነው፣ አሮጌ ሃይሉክስ። ዘይት ባስቀየርኩ ማግስት ከሰል ይመስላል። ፎርጅድ ሸጡልኝ ማለት ነው?

የሮቢቱ ሹፌር፦

ተው ወንድሜ፣ ሰው አትክሰስ። ናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ያወጣል፣ ዘይቱ ጥቀርሻውን ይዞ መንሳፈፉ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። አሮጌው ሲፈስም ሞተሩ ውስጥ የሚቀር አለ፣ አዲሱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። በቀለም አትፍረድ። በጣትህ መሐል አሽተህ እየው፣ የሚኮሰኩስ ነገር ካለ የአየር ፊልትሮህን ፈትሽ። መንዝ ውስጥ ለውስጥ የጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው የአየር ፊልትሮ ላይ ከሰነፈ ዘይት ቢቀያይር ምንም አይጠቅመውም። አቧራው በላይ ገብቶ ነው ፋሻውን የሚበላው።

ባለ ቪትዟ፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሰለቸኋችሁ መሰለኝ። ካምቢዮውስ፣ የማርሽ ሳጥኑ? ኦቶማቲክ ነው አልኳችሁ። ጋራዡ «አብሮ ይታጠብ» ይለኛል።

ጥቁር እጅ፦

አታስጠቢ። የካምቢዮው መለኪያ ላይ የሚፈልገው የዘይት ዓይነት ተቀርጾበታል፣ አንብቢው፣ ከሱ ውጭ ሌላ አይገባም። ሞቅ ካለች በኋላ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚታየው፣ እንደ ሞተር ዘይት ጠፍቶ አይደለም። ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ጣይ። ቀላ ካለ ተያት። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ መኪናዋን ይዘሽ ነይ፣ ኮፓውን አውርደን ማግኔቱ ላይ ያለውን ብረት ሳናይ ምንም አልልሽም።